የእትየ ዘሃራ ጓሮ ድንች

ሰሞኑን ዘንዘልማ ያለችውን የክርስትና ልጄን ጠይቄ በባጃጅ ስመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከመንገዱ ዳር ካለ አንድ ጓሮ ድንገት ሽታ መጣብኝ። ሾፌሩ የሞተ ውሻ ሳይኖር አይቀርም ብሎ የጎኑን ሸራ ሊለቅልኝ ሲል አቁምልኝ አልሁት። ውሻ አልነበረም። ምች የሚሉት የቅጠል በሽታ የመታው ድንች ነው። ጣፈጥ እያለ የሚከረፋ ሽታ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው ሌላ ነገር ነው ብሎ አይሳሳትም። ወርጄ ጃንጥላዬን ተመርኩዤ አጥሩ ሥር ቆምሁ። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ግንዱ ተዝለፍልፏል፣ ማሳው የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ባለቤትየዋ ከቤት ወጥታ "ምን ጠፋብዎ እናቴ?" ብትለኝ ምንም አልጠፋብኝም አልኋት። ከዚያ በኋላ ግን ቤቴ እስክደርስ፣ ደርሼም ልብሴን ሳልቀይር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ልቤ ወዲያ ወደ ድሮው ሄዶ አልመለስ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ ሥራዬ ድንች ማዳቀል ነበር። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ድንች ተቆርጦ ይተከላል እንጂ ምኑ ይዳቀላል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ገበሬው የሚተክለው ራሱን ድንቹን ነው፣ ከዚያ የሚወለደውም ቁርጥ እናቱን ነው። አዲስ ዓይነት የሚፈልግ ሰው ግን ወደ አበባው መሄድ አለበት። የምርምር ጣቢያችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ነበር፤ ላንድሮቨር መኪናዋ እኛን የምታነሳን ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እኛ ከዘንባባው ሥር ብርድ ብርድ እያለን እንጠብቃታለን። ያን ጊዜ ከተማዋ የብስክሌት ከተማ ነበረች። የፋብሪካ ሴቶች ፀጉራቸውን በሻሽ ሸብ አድርገው፣ ሸራ ጫማ ተጫምተው፣ ጎን ለጎን እያወሩ ሲጋልቡ መንገዱ የሠርግ ቀን ይመስል ነበር። ጉልት ሻጮች በስሙኒ ትኩስ ቅቅል ድንች ከነአዋዜው በጋዜጣ ጠቅልለው ይሸጡልናል። እዚያው ካለው ሻይ ቤት ቴፕ የሚወጣው ካሴት ከማርጀቱ የተነሣ ከዘፋኙ ይልቅ ማሲንቆው ይሰማ ነበር። እኔ ከመጀመሪያ ደመወዜ ያሰፋኋት ሰማያዊ የተትረን ጉርድ ነበረችኝ፤ ማሳ ስገባ ጭቃ እንዳይነካት ከፍ አድርጌ እሸጉጣታለሁ። ዛሬ ሻይ ቤቱ በነበረበት ቦታ ስልክ ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ እግሬ አሁንም ቀስ ይላል፤ ልጆቼ ጉልበቴን ያመመኝ ይመስላቸዋል።

አለቃዬ ጋሼ በላይነህ የሚባል የዳባት ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ። ጤዛው ሳይረግፍ ማሳ እንደርሳለን። ሊፈካ ያለውን እንቡጥ በወረንጦ ከፍቼ የራሱን ወንዴ ክፍል ነቅዬ አወጣለሁ፤ ከሌላ ድንች አበባ ያመጣሁትን ቢጫ ዱቄት በጥፍሬ ላይ አራግፌ ሴቴዋን ጫፍ አስነካታለሁ፤ ከዚያ አንገቷ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ፀሐይ ከበረታ አበባው ስለሚረግፍ ሥራው በዝምታና በጥድፊያ ነው። የያዘው አበባ ጥሬ ቲማቲም የመሰለች ፍሬ ይሰጣል፤ በውስጧ ደቃቅ ዘር ሞልቷል። ያ ዘር ሲዘራ አንዱ ቡቃያ ሌላውን አይመስልም፤ የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ለምጣድ የማይበቃ፣ አንዱ ብርቱ። ከዚያ ሁሉ መሀል ምች የማይደፍረውን፣ ብዙም የሚወልደውን መፈለግ ነው ሥራችን፤ ከብዙ ሺህ አንድ ቢገኝ ነው፣ እሱም ከብዙ ዓመት በኋላ። አባቴ ዘጌ መሪጌታ ነበሩ። ሥራዬን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ ድንች በመጽሐፍ ባይጠቀስም በጾም ጊዜ ያደረገልንን አይተው እንደሚመርቁት ነገሩኝ።

በእኛ አገር ክፉው ወር ነሐሴ ነው። ጎተራው ተራቁቷል፣ እሸቱ አልደረሰም። ድንች በግንቦት ቢተከል ለነሐሴ ይደርስ ነበር፤ ግን ክረምቱ ራሱ ምቹን ይዞ ይመጣና ያቃጥለዋል። ስለዚህ ገበሬው ድንች የሚተክለው በበጋ፣ ውኃ ያለው ብቻ ነው። ክረምቱን የሚችል ድንች ማግኘት ማለት ነሐሴን መሻገር ማለት ነበር። ጋሼ በላይነህ በልጅነቱ ታናሽ እኅቱን በነሐሴ ያጣ ሰው መሆኑን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እሱ አንድም ቀን አላነሳውም።

አንድ ዓመት ዝናቡ አልቆም አለ። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ ሰንብተን ማሳ ስንገባ ያዳቀልነው ሁሉ ጠቁሯል። በረድፉ መሀል እስከ ዳር ሄድን። መጨረሻው ላይ፣ ውኃ መውረጃው አጠገብ፣ አንዲት ተክል ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ ሆና፣ ሐምራዊ አበባዋን ከፍታ ቆማለች። ጋሼ በላይነህ ቁጢጥ ብሎ ቅጠሏን በሥሩም በላዩም ገልብጦ አየ። "የሺ፣ ሰው እንዳይነካት" ብቻ አለኝ። መስከረም ላይ ስንቆፍራት ነጭ ድንች፣ ዓይኑ አካባቢ ቀላ ያለ፣ ጋሼ በላይነህ ባርኔጣውን አውልቆ ሞላው። ያን ቀን ወደ ከተማ ስንመለስ ሲያንጎራጉር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ድንች እንደ እህል በጎተራ ለዓመታት አይቀመጥም። በየዓመቱ ካልተተከለ ይሞታል። እኛም ተክለን፣ አብዝተን፣ በልዩ ልዩ አገር ልንሞክረው ጀመርን። አንዱ የሙከራ ቦታ ቁንዝላ ሆነ፤ ጋሼ በላይነህ እሱን ለእኔ ሰጠኝ። በሳምንት አንድ ቀን በሐይቁ ላይ የምትሄድ ጀልባ ነበረች። በዘር ድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ከፊቴ ዶሮ የያዙ ነጋዴዎች፣ ከኋላዬ ወደ ገዳም የሚሄዱ መነኮሳት፣ የጣናን ነፋስ እየጠጣሁ ስሄድ ከዚያ የሚበልጥ ኑሮ ያለ አይመስለኝም ነበር። ቁንዝላ ላይ መሬት የሰጠችን እትየ ዘሃራ ትባላለች። ባሏ ሰይድ ጀልባ ሠሪ ነው፤ ከቤታቸው ኋላ እስከ ሐይቁ ዳር ደንገል የሚወርድ ጥቁር አፈር ያለው ጓሮ አላቸው። በዕድሜ ትበልጠኛለችና መጀመሪያ አንቱ አልኋት። "እኔን አርጅተሻል ማለትሽ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንች ሆንን።

እሷ እስላም፣ እኔ የመሪጌታ ልጅ ነን። እንደ አገራችን ወግ አንዳችን የሌላውን ሥጋ አንበላም። ስለዚህ እንግድነቴን የምታከብርበት ነገር ሲጠፋ ድንቹ ደረሰልን። ቀቅላ፣ ልጣ፣ በኑግ ዘይትና በበርበሬ ለውሳ ከአንድ ሳህን በላነው። ሰይድ ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ከመጣ ደግሞ ድግስ ነው። ድንቹ በእኛ መዝገብ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። እትየ ዘሃራ ግን፣ በክረምት የሚበላ ድንች አይታ ስለማታውቅ፣ "ክረምቴ" አለችው። ጋሼ በላይነህ ስሙን ሲሰማ ጥቂት ፈገግ አለና እሱም ክረምቴ ይል ጀመር።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። የቱ መንግሥት ሄዶ የቱ እንደመጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ የማስታውሰው ደመወዝ መቅረቱን፣ የላንድሮቨሯ ጎማዎች ተፈትተው በድንጋይ ላይ መቆሟን፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ መታየት ማቆሙን ነው። ጋሼ በላይነህ ደብረ ታቦር ድረስ በእግሩ ሄዶ ወደ ዘመዶቹ ተሻገረ አሉ፤ የት እንደገባ ለረጅም ጊዜ አላወቅንም። ጣቢያው ባዶውን ቀረ። መንገደኛውም ወታደሩም እየቆፈረ በልቶት፣ ሄጄ ሳየው ማሳው ላይ አንድ ድንች የለም። ያን ሁሉ ዓመት የደከምንበት ዘር በዓለም ላይ የቀረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እትየ ዘሃራ ጓሮ። እሱንም ግንቦት ላይ ራሴ ተክዬ በመጨረሻዋ ጀልባ ተመልሼ ነበር። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ወሬ የለም። ማታ ማታ ስተኛ የማስበው ስለ እሷ ይሁን ስለ ድንቹ ራሴም አልለየውም ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል መንገድ ተከፈተ ተባለ። የቤቴን መጋረጃ ጨርቅ ሽጬ ስንቅ ገዛሁ፤ እስከ ዱርቤቴ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ ከገበያተኛ ጋር በእግር። ዱርቤቴ ገበያ ላይ ቅቤና ማር የሚሸጡት ሰዎች እንኳ ፊታቸው ጨልሞ ነበር። ትንሹን ዓባይ ሳይሞላ ተሻግሬ፣ የሰኔ ዝናብ እያረጠበኝ ቁንዝላ ገባሁ። እትየ ዘሃራ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ከስታለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተሰቅሎ የቆመ ይመስላል። ተቃቀፍን፤ ሰላምታችን ሳያልቅ እጄን ይዛ "በልተነዋል የሽየ" አለችኝ።

ነገሩን ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሰይድ ጎርጎራ ጀልባ ሊሠራ እንደሄደ ሐይቁ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ነሐሴ ሲገባ ቤቷ እህል የሚባል አልቋል። መጀመሪያ ከዳር ከዳሩ እያወጣች ለልጆቿ ቀቀለች። የጎረቤት ልጆች ሽታውን ተከትለው መጡ፤ እነሱን ወደየት ትመልሳቸው። ለዘር የሚሆነውን ለይታ በአልጋዋ ሥር አስቀምጣው ነበር፤ ትልቋ ልጇ ሰዓዳ ስትታመምባት እሱንም አወጣችው።

እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ጋሼ በላይነህን፣ ጤዛውን፣ ቀይ ክሩን፣ በወረንጦ የከፈትሁትን እንቡጥ ሁሉ አለቀስሁት። ልጆቹ በሩን ተደግፈው ያዩኛል። እትየ ዘሃራ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ልጆቼን ይዤ ምን ላድርግ?" አለችኝ።

ቁጣም ልምምጥም የለበትም፤ መልሱን እንደምትጠብቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ። ቀና ብዬ ልጆቹን አየኋቸው። እግራቸው ቀጥኗል፤ ግን ሁሉም አሉ። ከእነሱ አንድ ስንኳ አልጎደለም።

"ደግ አደረግሽ እትየ" አልኋት። "ለነሐሴ ብለን አይደል የሠራነው።"

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮው ወረድን። ድንቹ የነበረበት ላይ በቆሎ ዘርታበት ጉልበት ድረስ ደርሷል። በበቆሎው መሀል ለመሄድ ያህል ስሄድ አንድ ቅጠል አየሁና ቆምሁ። ጎንበስ አልሁ። የድንች ቅጠል ነው። ወዲያ ደግሞ ሌላ፣ ከአጥሩ ሥር ሌላ። ሲቆፈር ዓይን የሳተው፣ አፈር ውስጥ የቀረው ፍንካች ሁሉ ዝናብ ሲያገኝ ራሱ በቅሏል። ተጣርቼ እትየ ዘሃራ እስክትደርስ ድረስ እጄን ከቅጠሉ አላነሳሁም። እሷ ቆማ አየች፤ ቀጥላ ድንቹን የጋረደውን በቆሎ መንቀል ጀመረች። በቆሎው የልጆቿ የመስከረም እሸት ነው። ተይ እትየ ብዬ እጇን ብይዛት "አምና አብልቶናል፣ ዘንድሮ ቦታ እንልቀቅለት" ብላ መንቀሏን ቀጠለች። ከዚያ ሁለታችን በእጃችን አፈር አስታቀፍናቸው።

ክረምቱን ሙሉ ቁንዝላ ቀረሁ። የምመለስበትም ሥራ አልነበረኝ። ከልጆቹ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተኛሁ፤ ውኃ ቀዳሁ፣ ጨው እየቸረቸርሁ የቤቱን ቀዳዳ ደፈንሁ፣ ሰዓዳን ፊደል አስቆጠርኋት። ዝናቡ በሐይቁ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ ከርቀት እናየዋለን፤ እትየ ዘሃራ ልብስ ከአጥር እየሰበሰበች ትሮጣለች፣ እኔም ከኋላዋ። ፍልሰታ ገብቶ ስጾም፣ ቅቤ የነካ ድስት እንዳይነካብኝ ብላ ለብቻዬ አዲስ ሸክላ ገዝታ አስቀመጠችልኝ። እሷ ለስግደት ምንጣፏን ስትዘረጋ እኔ ልጆቹን ዝም አሰኛለሁ፤ እኔ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሷ ነጠላዬን አራግፋ ታቀብለኛለች። ያን ክረምት ሳስብ ረሀቡም ፍርሃቱም ነበረ፤ ግን በእርጅናዬ የትኛውን ጊዜ ልመልስልሽ የሚለኝ ቢኖር ሠርጌን አልልም፣ የልጆቼን ልደት አልልም። ይቅር ይበለኝ፣ ያን ክረምት ነው የምለው። ምቹ መጣ፤ የጎረቤቱን ቲማቲም በአራት ቀን አጠቆረው። የእኛዎቹ ከታች ጥቂት ቅጠላቸው ላይ ነጠብጣብ አሳዩ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄደባቸውም። መስከረም ላይ ቆፈርን። ግማሹን ለእሷ፣ ግማሹን በአገልግል ሞልቼ ለእኔ። ሰይድ በመጀመሪያዋ ጀልባ መጣ፤ እኔም በዚያችው ጀልባ ተመለስሁ። እትየ ዘሃራ ደንገሉ ድረስ ሸኝታኝ ጀልባዋ እስክትጠፋ ቆማ ነበር፤ እኔም ዓይኔን አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ጣቢያው ተከፈተ። ያመጣሁትን ተክዬ አበዛሁት። ጋሼ በላይነህ ፀጉሩ ሸብቶ አንድ ቀን ከበሩ ሲገባ ረድፉን ዳር እስከ ዳር ሄዶ "ይችው ናት?" አለኝ፤ ይችው ናት አልሁት። የቁንዝላ ልጆች በእሷ ነሐሴን እንደተሻገሩ ስነግረው ፊቱን ከእኔ አዞረ። ክረምቴ ለገበሬው ተሰጠች። በክረምት ድንች መትከል ተለመደ፤ በዱርቤቴ ገበያ፣ ሐይቁን ተሻግሮ በቆላ ድባ ሳይቀር በነሐሴ ድንች በቁና ሲሰፈር በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላ ምቹም መልኩን ለወጠ፤ ክረምቴን ይደፍራት ጀመር፤ ከእሷ የተሻሉ ሌሎች ተዳቅለው መጡ። እንዲህ ነው ደንቡ። ጋሼ በላይነህ ይህን ሳያይ አረፈ። ዛሬ ክረምቴን የሚተክል ገበሬ አላውቅም።

እትየ ዘሃራ ጋ እግሬ እስከቻለ ድረስ እመላለስ ነበር። ያለፉት ዓመታት ግን መንገዱም ስልኩም እንደገና እየተዘጋ አስቸገረ። መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ባሕር ዳር ለሕክምና ከመጣ የቁንዝላ ሰው ነው። ለቅሶዋን ሳልደርስ ቀረሁ። ያ ነገር እንደ እሾህ ሲወጋኝ ከርሞ፣ ባለፈው በጋ መንገዱ ሰላም ነው ሲሉኝ ልጆቼ እየተቆጡኝ ሄድሁ። ሰዓዳ አሁን እሷም አያት ናት፤ ከደጃፍ ስታየኝ ጮኻ አቀፈችኝ፣ አብረን አለቀስን። ከዚያ እግሬን አጥባ አስቀመጠችኝና የመንደሩን ልጆች ጠርታ ከፊቴ አሰለፈቻቸው። እነሆ፣ እትየ የሺ ማለት እሳቸው ናቸው አለቻቸው። ልጆቹ ታሪኬን እንደሚያውቅ ሰው ያዩኛል። ስለ ድንቹ የሰሙ መስሎኝ ክረምቴን ታስታውሻለሽ ወይ ብዬ ሰዓዳን ጠየቅኋት። ጥቂት አስባ የድንቹን ነገር ብዙም እንደማታስታውስ ነገረችኝ።

"እኛ የምናስታውሰው የዚያን ቀን ልቅሶዎን ነው" አለች። "በሩ ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ ፈርተን እማን ጠየቅናት። 'ሞታችሁ መስሏት ነበር፤ ሁላችሁንም በሕይወት ስላገኘቻችሁ ነው የምታለቅስ' አለችን። ከእናት ከአባታችን ሌላ እኛ ስለኖርን ያለቀሰ ሰው እርስዎን ብቻ ነው የምናውቅ። ለልጆቻችንም እንዲያ እያልን ነው የምንነግራቸው።"

ልጆቹ አፌን ይጠብቃሉ። እትየ ዘሃራ ያን ቀን ስለምን እንዳለቀስሁ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጣ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ለልጆቿ ግን ሌላ ልቅሶ ሰጠቻቸው፤ እኔንም በዚያው በልጆቿ ፊት ከፍ አደረገችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።

"አዎ ልጄ፣ እናትሽ እንዳለችው ነው" አልኋት።

ሰዓዳ ምሳ ልታቀርብ ተነሣች፤ ልጆቹም ተከተሏት። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ብትኖር ኖሮ እጇን መታ አድርጌ "አንች፣ እንዲያ ብለሽ ነው የነገርሻቸው?" እላት ነበር። እሷም ሻሿን ወደ አፏ ስባ ትስቅ ነበር። ያን ሳቅ ነው የናፈቅሁት፤ ከዚያ ቤት ውስጥ የጎደለው እሱ ብቻ ነበር።